የእማ ዓቢዳ ክፍል ሲነሳ

የሻረግ ዛሬ የሰው ቤት ውስጡን ፎቶ ስታነሳ አንድም ዕቃ ከቦታው አታነቃንቅም። ባለቤቶቹ ወንበሩን እንግፋው፣ ጫማውን እናንሳው ሲሏት «ተዉት፣ ባለበት ይሁን» ትላለች። አንዳንዱ ስንፍና ይመስለዋል። ስንፍና እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ። መርሳ ከተማ ላይ የሷን ፎቶ ቤትና የእኔን ልብስ ስፌት የሚለየው አንድ ኮምፔርሳቶ ነው፤ እሷ ስታስነጥስ ከወዲህ ሆኜ «ይማርሽ» የምላት እኔ ሙባረክ ነኝ።

ድሮ የምታነሳው ሰው ነበር። ጉርድ ፎቶ፣ ሰርግ፣ ምርቃት። በጦርነቱ ጊዜ ዕቃዋ ተዘረፈ፤ እንደምንም ያገለገለ ካሜራ ገዝታ ስትመለስ ደግሞ ስልክ የያዘ ሁሉ ፎቶ አንሺ ሆኖ ጠበቃት። በር ላይ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን ስታይ በምትውልበት ሰሞን፣ ወልድያ የእንግዳ ማረፊያ የከፈተ አንድ ሰው የክፍሎቼን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ልለጥፍ ብሎ ጠራት። በሕይወቷ ክፍል አንስታ አታውቅም። «ክፍል ምን ይከብዳል ሙባረክ?» አለችኝ። «አይንቀሳቀስ፣ ዓይኑን አይጨፍን፣ አስቀየምሽኝ አይል!»

ይዛ የመጣችው ፎቶ ጉድ ነበር። ግድግዳው ሁሉ ሊወድቅ ያዘመመ ይመስላል፤ መስኮቱ ነጭ ሆኖ ምንም አይታይበትም፤ አምፖሉ አንሶላውን ብርቱካን አስመስሎታል። ከሁሉ የባሰው ግን የቁም ሳጥኑ መስታወት ነው፤ የሻረግ ራሷ ቁጢጥ ብላ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና መሀል ላይ ትታያለች። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ መርፌው ጣቴን ወጋኝ። አኮረፈችኝ፤ የዚያን ቀን ሻይ እንኳ ብቻዋን ነው የጠጣችው።

እልኸኛ ናት። ዩቲዩብ ላይ ተጥዳ ሰነበተችና የእኔን ሱቅ መለማመጃ አደረገችው። ካሜራውን ማቆሚያው ላይ አስራ እስከ ወገቧ ዝቅ ታደርገዋለች፣ የግድግዳው ጠርዝ ቀጥ ማለቱን ታያለች፣ መብራት ታጠፋለች፣ መጋረጃ ትገልጣለች፣ የጠዋት ብርሃን እስኪገባ ትጠብቃለች። ከዚያ ማጽዳት ነው። መቀሴን፣ ቁርጥራጭ ጨርቄን፣ የሻይ ብርጭቆዬን አወጣች፤ በመጨረሻም እኔኑ አስወጣችኝ። «ሰው ካለ ጥላው ግድግዳ ላይ ይወድቃል» ትላለች። ፎቶውን ሳየው የራሴን ሱቅ አላወቅሁትም። ሰፊ፣ ብርሃን የሞላበት፣ ማንም ሠርቶበት የማያውቅ ቤት ነበር። አምሯል፤ ግን እንጃ፣ ደስ አላለኝም።

ወልድያ ተመልሳ ክፍሎቹን እንደገና አነሳች፤ ሰውዬው ወደደላት፣ ወሬውም ወጣ። እኛ ወረዳ፣ ሀብሩ ውስጥ ዓረብ አገር ልጅ የሌለው ቤተሰብ ማግኘት ያስቸግራል። ልጆቹ ብር ይልካሉ፣ እዚህ ቤት ይቆማል፣ እነሱ ግን በሩን ከፍተው ገብተው አያውቁም። «የሠራሁትን ቤት ውስጡን አሳዪኝ» የሚል ከሪያድም ከጅዳም መደወል ጀመረ። የሻረግ ካሜራዋን አቅፋ በባጃጅ ከሲሪንቃ እስከ ውርጌሳ መዞር ያዘች። እንጀራዋ ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ።

ጀብሪል የመጣው ያኔ ነው። የእማ ዓቢዳ ልጅ ነው፤ የእናቱን ቀብር አብረን ከፈጸምን ገና ሳምንታት ነበሩ። እህቱ ኢብቲሳም ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። እናቷ የኖሩበትን ቤት ያሠራችው እሷ ናት። መሞታቸውን ግን አልሰማችም።

ይሄ ክፋት አይደለም። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ በስልክ ጣል አይደረግም። ንጋት ላይ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ የሚደግፍ ሰው ኖሮ ነው የሚነገረው። ኢብቲሳም ባለችበት ቤት ደግሞ አንድም የአገሯ ሰው የለም። የአክስታቸው ልጅ ከድጃ እዚያው ሪያድ ሌላ ሰፈር ትሠራለች፤ ከአሠሪዎቿ ፈቃድ አግኝታ እስክትደርስላት ድረስ ነገሩ መደበቅ ነበረበት። ኢብቲሳም በደወለች ቁጥር ጀብሪል አንድ ነገር ይላል። እማየ ጉሮሮዋን አሟታል፣ እማየ ሼኹ ዘንድ ለዝያራ ሄዳለች፣ እማየ አሁን ገና ተኛች። ሰበቡ ሁሉ ሲያልቅ ኢብቲሳም ሌላ ነገር ጠየቀች። መጋረጃ ልልክ ነውና የቤቱን ውስጥ አስነሱልኝ፣ የእማየንም ክፍል አለች።

«እትዬ የሻረግ» አላት ጀብሪል፣ ከፎቶ ቤቷ ደጃፍ ቆሞ። «እማየ ያለች እንዲመስል አርገሽ አንሽልኝ። ከድጃ እስክትደርስላት ነው። ብቻዋን ብትሰማው ማን ይይዛታል? እዚያ የሰው ወለል ላይ ወድቃ ማን ያነሳታል?» ድምፁ ሰለለ፤ እንባ ግን አልወጣውም።

የሻረግ እሺ አለች። እኔም ብሆን እሺ እል ነበር።

የጀብሪል ሚስት ነኢማ ክፍሉን አሰናዳች። አልጋውን አነጠፈች፣ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ ደገፍ አደረገች፣ መስገጃቸውን ዘረጋች። ልብሳቸው ለምስኪን ተሰጥቶ ስላለቀ የራሷን ሻሽ ምስማሩ ላይ ሰቀለች። እየሠራች ታለቅስ ነበር። ስትጨርስ የሻረግ እንደ ልማዷ ሁሉንም አስወጥታ በሩን ዘጋች።

ጥሩ ሆኖ ያገኘችው ማዕዘን የመስኮቱን ጥግ ነው። ከዚያ ሆና ስታይ መስገጃው ላይ የተሣለው ቅስት ተዘቅዝቆ ታያት። የተዘቀዘቀ ነገር ፎቶ ላይ አያምርም። ጎንበስ ብላ አዞረችው፣ ቅስቱ ቀጥ አለ፤ አነሳችና ለጀብሪል ላከችለት፤ እሱም ለእህቱ አስተላለፈው።

በማግስቱ ልታሳየኝ ጠራችኝ። «ብርሃኑን እየው እስቲ!» እኔ ብርሃኑን አላየሁም። «የሻረግ» አልኳት፣ «መስገጃውን ማን ነው ወደ ደሴ ያዞረው?» የመስገጃ ቅስት ወደ ቂብላ ነው የሚዞረው፤ ከመርሳ ቂብላው በወልድያ በኩል ነው፣ የእማ ዓቢዳ ክፍል በር ደግሞ በደሴ በኩል፤ ሁላችንም ፊታችንን ወደ ወልድያ አድርገን ነው የምንሰግደው። የሻረግ ክርስቲያን ብትሆንም ከእኛው ጋር ያደገች ናትና ይሄ አይጠፋትም። ግን ካሜራውን ዓይኗ ላይ ስታደርግ የሚታያት መስመርና ብርሃን ብቻ ነው። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ምን እናድርግ እያልን ሳለ ስልኳ ጮኸ፤ በኢሞ የምትደውለው ኢብቲሳም ነበረች። ቁጥሩን ያገኘችው ፎቶው ጥግ ላይ ከተጻፈው ነው።

«እትዬ የሻረግ፣ ፎቶው አምሯል፤ አላህ ይስጥሽ» አለች። «መስገጃው ግን ፊቱ ወደ በሩ ነው። እማየ በር እያየች ሰግዳ አታውቅም።»

«እኔ ነኝ ያዞርኩት እህቴ፣ ለፎቶው እንዲያምር ብዬ...»

«አንቺ መሆንሽ ገብቶኛል። ነኢማማ አይጠፋትም። ግን እማየ ብትኖር መስገጃዋን ታስነካሽ ነበር? እጅሽን ነበር የምትመታሽ እኮ!» ሳቅ የመሰለ ነገር አሰማች። ከዚያ ዝግ ብላ «ሞታለች አይደል?» አለች።

የሻረግ መዋሸት ነበረባት። አፏን ከፈተች፤ የመጣላት ለቅሶ ነው። ከወዲያ በር ሲዘጋና ቧንቧ ሲከፈት ሰማን። ኢብቲሳም መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ አሠሪዎቿ እንዳይሰሟት ውኃ ለቃ ነበር የምታለቅሰው። እንዲህ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ጩኸቱ ጉሮሮዋ ላይ ታንቆ ይቀራል፤ የሚሰማው ውኃው ነው። የሻረግ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ «አይዞሽ፣ አይዞሽ እህቴ» ትላት ነበር።

«ለጀብሪል እንዳትነግሪው» አለች በመጨረሻ። «እኔ ከዒድ ጀምሮ ጠርጥሬአለሁ። እማየ ዱዓ ሳታረግልኝ የዋለችበት ዒድ የለም። አቅርቡልኝ ስለው ሲጨንቀው ይሰማኛል። ሰው እስኪያገኝልኝ ነው የሚለፋ። ብቻዬን መስማቴን ካወቀ ዕድሜውን ሙሉ ሲብሰለሰል ይኖራል። በወጉ ይንገረኝ። እኔ እጠብቀዋለሁ።»

እሱ እሷን ብሎ ይደብቃል፣ እሷ እሱን ብላ ያላወቀች ትመስላለች። መሀል ላይ ደግሞ እኔና የሻረግ አለን። ከዚያ ወዲህ ኢብቲሳም ከመታጠቢያ ቤቱ ትደውላለች፣ የሻረግ ሥራዋን ጥላ ታዳምጣታለች፣ እኔም የስፌት ማሽኔን አቆማለሁ። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም። አንዳንድ ቀን ሳይነጋገሩ፣ የውኃውን ድምፅ ብቻ እየሰማን ስልኩ ይዘጋል። ጀብሪል አንድ ቀን ሊያመሰግናት ብቅ አለ። «ፎቶው ልቧን አሳረፈላት፣ እትዬ የሻረግ። እማየን አቅርቡልኝ ማለቷን ተወች እኮ!» የሻረግ ካሜራዋን የምትወለውል መስላ አንገቷን ደፋች። እኔም ጨርቄ ላይ አቀረቀርኩ።

በመጨረሻ ከድጃ ፈቃድ አገኘች። ንጋት ላይ እነ ጀብሪል ቤት ሳሎን ተሰበሰብን፤ ሽማግሌዎቹ፣ ነኢማ፣ የሻረግ፣ እኔ። ስልኩ ምንጣፉ መሀል ተቀመጠ። ከወዲያ ከድጃ «አጠገቧ ነኝ፣ ይዣታለሁ» አለች። እኔ የፈራሁት አንድ ነገር ነበር፤ ኢብቲሳም አሁን እንደ አዲስ ሰሚ መሆን ያቅታታል፣ ጀብሪልም ይነቃባታል ብዬ ነው። ምን ያህል ሞኝ ነኝ!

ጀብሪል «ኢብቲሳምዬ፣ እማየ...» ብሎ መጨረስ አቃተው። ኢብቲሳም ጮኸች። ያ ማስመሰል አልነበረም። ስንት ጊዜ ቧንቧ ከፍታ የዋጠችው ጩኸት ሁሉ አንድ ላይ ወጣ፤ ነኢማ ጆሮዋን ያዘች። ከድጃ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እያለች ስትታገላት ይሰማል። ሽማግሌዎቹ ዱዓ ያዙ። ጀብሪል ብቻ ደርቆ ቀረ፤ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብሎ «በደንብ ያዣት ከድጃ፣ እንዳትወድቅ፣ በደንብ ያዣት» ይላል።

ብዙ ቆይቶ ለቅሶዋ ረገብ አለ። የተሰበረ ድምፅዋ ከስልኩ ወጣ።

«ጀብሪልዬ፣ አንተስ ወንድሜ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻህን እንዴት ቻልከው?»

ጀብሪል እናቱን ከቀበረ ወዲህ ድምፅ አውጥቶ ያለቀሰው ያን ጊዜ ነው።