ሞተሩ ጤነኛ ነው

ደብረ ታቦር ውስጥ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ቀብድ ከመስጠቱ በፊት አስናቀን ይጠራል። አስናቀ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሙያውን የተማረው በደርግ ጊዜ፣ በወታደርነቱ፣ በሠራዊቱ ጋራዥ ውስጥ ነው። ሠራዊቱ ሲበተን አገሩ ገባና ከመናኸሪያው በላይ በቆርቆሮ አጥር አጥሮ የራሱን ጋራዥ ከፈተ።

መኪና ሲመረምር አይቸኩልም። ኮፈኑን ከማስከፈቱ በፊት እጁን ያሳርፍበታል። ሞቆ ካገኘው፣ ጠዋት አልነሣም የሚል ሞተር ቀድሞ ተነሥቶ እንደመጣ ይገባዋል። "ይብረድና እናየዋለን" ብሎ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ያገኘውን ነገር ለገዢም ለሻጭም እኩል ይናገራል። ሰው የሚያምነው ለዚህ ነው፤ ሰላም የማይሉት ሻጮችም የበዙት ለዚሁ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ልጁ ሙሉቀን ሞተ። ከደብረ ታቦር ነፋስ መውጫ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። ገሳይ ከተማ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው፣ በጭጋግ ውስጥ፣ ከከባድ መኪና ጋር ተጋጨ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። አስናቀ በልቅሶው ላይ አላለቀሰም። መጀመሪያ "ወንድ ነው፣ ችሎ ነው" አሉ፤ ሲቆይ ደግሞ "ጨክኗል" አሉ። ሠልስቱ ባለፈ ማግስት ጋራዡን ከፈተ። የተሰባበረውን ሚኒባስ የሚገዛ ሰው ሲመጣ፣ መኪናውን ወጥቶ ሳያየው ወረቀቱ ላይ ፈረመለት። ሚስቱ እመቤት ስታለቅስ አጠገቧ ይቀመጣል። ተኝተውበት የደነዘዘ እጅ የራስ ሆኖ የራስ እንደማይመስል ሁሉ፣ ለሱም ደረቱ እንደዚያ ነበር። ይበላል፣ ይሠራል፣ ይተኛል።

ባለፈው ግንቦት አንድ ማለዳ መኪና የሚያሻሽጠው ደረጄ አንድ ነጭ ፒካፕ እየነዳ መጣ። አብረውት ገዢው አያ ማሩ ነበሩ። አያ ማሩ በገሳይ በኩል ገብስና ድንች የሚያመርቱ፣ ስድሳውን ያለፉ ገበሬ ናቸው። የራሳቸውንም የጎረቤታቸውንም ድንች ገበያ የሚያደርስላቸው መኪና ፈልገው ነው።

"ሞተሩ ተቀይሯል" አለ ደረጄ ገና ሳይጠየቅ። "የቤንዚኑ ወጥቶ የናፍጣ ገብቶበታል። ጉልበቱ ለጉድ ነው ጋሼ፣ ዳገት አያውቅም።"

"ሊብሬው ላይ የተጻፈው የትኛው ሞተር ነው?"

"እሱማ የድሮው ነው። እናስተካክለዋለን።"

አስናቀ እስኪበርድ ድረስ ጠብቆ አስነሣው። አንዴ ሲነካው ተነሣ። ትንሽ ጥቁር ጭስ ተፋና ወዲያው ጠራ። ድምፁ አይንተባተብም። ከዚያ አጥፍቶ ኮፈኑን ከፈተና ጎንበስ አለ።

የውሃውን ፓምፕ ከያዙት ብሎኖች አንዱ ከሌሎቹ የተለየ ነበር። ጭንቅላቱ በሞረድ የተበጀ፣ አንደኛው ጎኑ ትንሽ የተንጋደደ ነው። አስናቀ ያን ብሎን አወቀው። የሠራው እሱ ራሱ ነው። የቡሄ ዕለት ነበር፤ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ፣ ሙሉቀን ደግሞ ለማግስቱ ጉዞ ይዞ ነበር። ከወፍራም ብሎን ላይ ሞርዶ፣ ሞርዶ አስገባለት። ልጁ አጠገቡ ቆሞ ሙልሙሉን ይገምጥ ነበር።

ጨርቅ ወስዶ የሞተሩን ጎን ጠረገ። ቁጥሩ ወጣ። ሚኒባሱ ሲገዛ በየቅጹ ላይ በገዛ እጁ የገለበጠው ቁጥር ስለሆነ እስከ መጨረሻው ማንበብ አላስፈለገውም። አንድ ስሜት እስኪመጣበት ጠበቀ። አልመጣም። ጨርቁን አጥፎ ኪሱ ከተተና ከመኪናው ሥር ገባ።

ሞተሩ ለዚህ መኪና ስላልተሠራ መቀመጫው አዲስ ተበይዶለታል። ብየዳው እንደ ሹሩባ ተደራርቦ የወረደ፣ ንጹሕ ነው። እንዲህ የሚበይድ በከተማው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ነጂብ። ነጂብ ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ነው የሚሠራው። ሃያ ዓመት መሣሪያ ሲዋዋሱ፣ ምሳም አንድ ላይ ሲበሉ ኖረዋል።

አስናቀ ከሥር ወጥቶ አቧራውን አራገፈና የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሞተሩን አስነሥቶ ፍሬኑን ረገጠ። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ደረቀበት።

"ፍሬኑ ጠንካራ ነው" አለ ደረጄ።

"ፍሬኑ ጠንካራ አይደለም፣ ጉልበት የለውም።" አስናቀ ወደ አያ ማሩ ዞረ። "የቤንዚን ሞተር ሲሠራ ራሱ አየር ይስባል፤ እግርዎን የሚያግዘው ያ ነው። የናፍጣው አይስብም። ለብቻው አየር መምጠጫ ፓምፕ ይፈልጋል። ይሄ ሲገባ ፓምፑ አልገባም።"

"እስቲ በኔ አማርኛ ንገረኝ" አሉ አያ ማሩ።

"ባዶውን፣ ሜዳ ላይ ይቆምልዎታል። ድንች ጭነው ቁልቁል ሲወርዱ አይቆምም። ሞተሩም ከድሮው ስለሚከብድ ፊቱን ተጭኖታል፤ የፊቱ ሞላ ካልተጠናከረ ጎማ ይበላል።"

የደረጄ ፊት ጠቆረ። "ባሕር ዳር ድረስ ነድቼው ተመለስኩ እኮ ጋሼ!"

"ሳትጭን ነው።"

አያ ማሩ በዱላቸው መሬቱን ቆረቆሩ። "ሌላስ?"

"ሞተሩ ጤነኛ ነው" አለ አስናቀ። ከወንበሩ ወርዶ ጨመረ፤ "የልጄ ሞተር ነው። የሞተበት መኪና ላይ የነበረው።"

ደረጄ እጁን አፉ ላይ ጫነ። "ማርያምን! ማርያምን አላወቅሁም። ሞተሩን ከአሮጌ ብረት ጋር ጥቅል ነው የገዛሁት።"

አያ ማሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "እግዜር ያጽናህ" አሉ። "ታዲያ ልግዛው ወይስ ልተወው? አንተ ካልክ እተወዋለሁ። በልጅህ ደም ላይ ድንች አልጭንም።"

አስናቀ ይህን አስቦት አያውቅም ነበር። ተው ቢላቸው እንደሚተዉት አየ። መኪናው ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ ግን አያውቅም፤ ፍሬኑን ላይመረምር ለሚችል ሰው ይሸጥ ይሆናል።

"ፍሬኑ ከተሠራ፣ ወረቀቱም ከተስተካከለ ይግዙት" አለ። "ሞተሩ ምን አጠፋ?"

"የምትሠራው አንተ ከሆንክ እሺ" አሉ።

ሰዎቹ ሲሄዱ አስናቀ አጥሩን ዞሮ ነጂብ ዘንድ ገባ። ነጂብ የበር ጉበን እየበየደ ነበር። ሲያየው መከለያውን ከፊቱ አነሣ፤ ለምን እንደመጣም ወዲያው ገባው።

"አየኸው?" አለ ነጂብ።

"አየሁት።"

"ከሚኒባሱ ሞተሩን ብቻ ነበር ያመጡልኝ። ብሎኑን ሳይ አወቅሁት። ያን ቀን ሞረዱን ያዋስኩህ እኔ ነኝ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ሁለት ቀን ሥራውን ትቼው ነበር። ሚስቴ አሚና 'ሂድና ንገረው' አለችኝ። በርህ ድረስ መጣሁ። ጎንበስ ብለህ ስትሠራ አየሁህና ተመለስኩ። ምን ብዬ ልንገርህ?" መከለያውን መሬት ላይ አኖረ። "ብየዳውን ግን ለራሴ መኪና እንደምበይደው ነው የበየድኩት። ወላሂ።"

"ጥሩ ብየዳ ነው" አለ አስናቀ።

ነጂብ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገ። ጥላሸቱ ጉንጩ ላይ ተለቀለቀ። አስናቀ ትከሻውን ይዞት ቆመ። ወዳጁ የሱን ልቅሶ የሚያለቅስለት መሰለው፤ እንዲህ ማሰቡ ራሱ ግን ከሩቅ እንደሚሰማ ወሬ ነበር።

ማታ ራት ሲበሉ ለእመቤት ነገራት። ጉርሻዋን መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠችው።

"ይነሣል?" አለች።

"ይነሣል።"

እጇን ጠረገች። "ሠርተህ ስትጨርስ ድምፁን ልስማው።"

ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ፓምፑ ከባሕር ዳር መጣ። የፊቱ ሞላ ተጠናከረ። ደረጄም እያጉረመረመ ቢሮ ለቢሮ ሲመላለስ ከርሞ የሞተሩን ቁጥር ሊብሬው ላይ አስመዘገበ። አስናቀ ሞተሩን ከዘይቱ በቀር አልነካውም።

በሰኔ መጀመሪያ ፒካፑ ላይ ስምንት ጆንያ አሸዋ ጭኖ፣ አያ ማሩን ጎኑ አስቀምጦ በገሳይ መንገድ ወጣ። መንገዱ እርጥብ ነበር። ገበሬዎች ከግራም ከቀኝም ያርሳሉ። ሙሉቀን የሞተበት ጥምዝ ጋ ሲደርስ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ረገጠ። ፔዳሉ ለስለስ ብሎ ወረደ፤ መኪናው ከነጭነቱ ቀጥ አለ። ሞተሩ እየሠራ ነው። አያ ማሩ ቦታውን ያውቁት ነበርና አማተቡ። አስናቀ መሪውን እንደያዘ በመስኮቱ ተመለከተ። ከመንገዱ በታች ያለው እርሻ አዲስ ተገልብጦ አፈሩ ጠቁሯል። ሌላ የሚታይ ነገር የለም። እጁ ብቻ በረደው።

"ቆመ" አለ። "አሁን ይጫኑበት።"

በተመለሱ ጊዜ መኪናውን ቀጥታ ወደ ቤቱ ነዳው። እመቤት ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ወጣች። ሙሉቀን በሕይወት ሳለ ሚኒባሱ ገና ከታች ከአስፋልቱ ሲታጠፍ በድምፁ ታውቀው ነበር፤ ወጡን የምታሞቀው ያኔ ነው። አስናቀ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። እሷ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። አያ ማሩ ባርኔጣቸውን ይዘው ጋቢናው ውስጥ እንደተቀመጡ ቀሩ።

"አይደለም" አለች በመጨረሻ። "የሱ እንዲህ አልነበረም።"

አስናቀ ምክንያቱን ያውቃል። ድምፅ የሚያፍነው ማርሚታ የፒካፑ ነው፤ ጭሱ የሚወጣበት ቧንቧም ረዝሟል። እሷ ወደ አያ ማሩ መስኮት ጠጋ አለች።

"በቀስታ ይንዱት፣ አባቴ።"

"እሺ ልጄ" አሉ።

እሷ ወደ ቤት ገባች። አስናቀ ጆንያዎቹን አራገፈላቸው፤ አያ ማሩም ዝናቡ ሳይመጣ ገሳይ ለመድረስ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ አያ ማሩ በየጊዜው ዘይት ሊያስቀይሩ ይመጣሉ። አስናቀ ከሥር ገብቶ ያፈሳል፣ ማጣሪያውን ይቀይራል፣ ፍሬኑን ይሞክራል። ስለ ሞተሩ ሁለቱም አያነሡም። የሚያወሩት ስለ እርሻ ነው። ባለፈው ሲመጡ ዝናቡ ቶሎ ስለቆመ የዘንድሮው ድንች ፍሬው ትንንሽ እንደሆነ ነግረውታል።