ጋሽ ወንፊት አማቱን እንዴት እንደጠቀጠቃት

ጋሽ ወንፊት ይህን ስም ያወጣለት ቄስም አባትም አይደለም፤ ሥራው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ከላይ ሰፊ ቀዳዳ፣ ከታች ጠባብ ቀዳዳ ያላቸውን ወንፊቶች ደራርቦ ጠጠር ሲነፋ ኖረ። እሱ ያላየው ጠጠር መንገድ ላይ አይፈስስም፤ እሱ ያሳለፈው መንገድም ተሰነጠቀ ሲባል አልተሰማም።

ጡረታ ሲወጣ ሰውየው ወጣ እንጂ እጁ አልወጣም። ስኳሩን ነፍቶ ነው ሻይ ውስጥ የሚጨምረው። አንድ ቀን ካፌ ተቀምጦ የቀረበለትን ኦቾሎኒ በትልቅነቱ ደርድሮ እስኪጨርስ የመጀመሪያው ሻይ ቀዝቅዞ፣ ሁለተኛው ታዞ፣ እሱም ቀዝቅዞ ነበር ይባላል። ይህን በዓይኔ አየሁ የሚል ሰው የለም፤ የሚጠራጠርም የለም።

ታዲያ ሴት ልጃቸው ሌላ ከተማ ወለደችና ባለቤቱ ለሦስት ወር ልታግዛት ተነሣች። ሻንጣዋን በር ላይ አቁማ፣ ጣቷንም አቁማ የተናገረችው ስለ ቤት ቁልፍ አይደለም፣ ስለ ጋዝም አይደለም፤ ስለ አማት ነው።

አማት ማለት መስኮቱ ሥር በሸክላ የተተከለችው ተክል ናት። ሻጮቹ ሰኩለንት ከሚሏቸው፣ ውሃ በቅጠላቸው ከሚቋጥሩት ወገን ናት፤ ቅጠሎቿ እንደ ሕፃን ጉንጭ ሞላ ብለው እንደ አበባ ዙሪያውን የተደረደሩ። የባለቤቱ እናት በገዛ እጇ አምጥታ እዚያ መስኮት ላይ ስላስቀመጠቻት ነው አማት የተባለችው። ሴትየዋ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። ከሷ የቀረ ነጠላ አለ፣ መነጽር አለ፣ ፎቶ አለ፤ የሚያድግ ነገር ግን ይህች ተክል ብቻ ናት። ባለቤቱ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርሽ እማዬ» ሳትላት እህል አትቀምስም።

«ስማኝ» አለችው። «በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ ውሃ። ከዚያ ውጪ እጅህን እንዳታሳርፍባት።»

«አንቺ ደግሞ! ሠላሳ አንድ ዓመት የላቦራቶሪ ኃላፊነት የተሸከመ ሰው አንዲት ቅጠል ታቅተዋለች?»

«የምፈራው እንዳታቅትህ አይደለም። ሥራ ፈትተህ እንዳትሠራባት ነው።»

ሄደች። ቤቱ ጭር አለ። ጋሽ ወንፊት ጠዋት ሻዩን ብቻውን መጠጣት ነውር ሆነበትና ለአማትም አንድ ብርጭቆ ውሃ አቀረበላት። ከሰዓት በኋላም እንዲሁ፤ አሮጊት አማት ፊት ብቻውን የሚጠጣ ምን ዓይነት አማች ነው? በሁለት ሳምንት ውስጥ አማት አንድ ቅፍለት ግመል የሚያረካ ውሃ ጠጣች። በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሏ እንደ ተቀቀለ ሽንኩርት ብርሃን አሳለፈ። ነካ ቢያደርጋት የታችኞቹ ሦስት ቅጠሎች ድምፅ ሳያሰሙ ወደቁ፤ የጋሽ ወንፊት ልብም ተከትላቸው ወደቀች።

ከዋናው መንገድ ዳር ችግኝ የምትሸጥ ሴት ነበረች። አንዱን ቅጠል በመሐረብ ጠቅልሎ ሄደና ፈታላት።

«ጋሼ፣ ምን አደረጓት?»

«አጠጣኋት።»

«በስንት ቀን?»

«በቀን... ሁለቴ።»

ሴትየዋ ቅጠሉን እንደ አስከሬን መልሳ ሸፈነችው። «አፈሯስ?»

«ወፍራም ጥቁር አፈር ነው።»

«እንግዲህ ጭቃ ውስጥ አቁመው አሰጠሟት ማለት ነው። ሥሯ ታፍኗል። ቶሎ ነቅለው ግማሽ አፈር፣ ግማሽ ጠጠር...»

«ጠጠር!» አለ ጋሽ ወንፊት። ፊቱ እንደ አዲስ አምፖል በራ።

«ጠጠሩ ግን እንዴት ያለ መሰልዎት ጋሼ...» ብላ ስትቀጥል ሰውየው መንገዱን አጋምሶ ነበር። ከመኪኖቹ መሐል ዞሮ ጮኸ፤ «ለኔ? ስለ ጠጠር ለኔ ትነግሪኛለሽ?»

እዚህ ላይ አንባቢ ስለ መንገድ ትንሽ ይወቅ። ጥሩ መንገድ የሚባለው በትልቁ ጠጠር መሐል ትንሹ፣ በትንሹ መሐል ደቃቁ፣ በደቃቁ መሐል ዱቄቱ ገብቶ፣ አየር የሚያልፍበት፣ ውሃ የሚሰርግበት ቀዳዳ ሲጠፋ ነው። ከዚያ በንብርብር በንብርብር ይጠቀጠቃል። ጋሽ ወንፊት ዕድሜ ልኩን ያሳደደው አንድ ጠላት ቢኖር ባዶ ቦታ ነው።

እና አሳደደው። ሲሰናበት የሥራ ባልደረቦቹ የሸለሙትን አምስት አሮጌ ወንፊቶች ከአልጋ ሥር አወጣ። ቤት ከሚሠራ ጎረቤት አንድ ባልዲ የተፈጨ ድንጋይ ለምኖ አመጣ። ነፋ፣ መዘነ፣ ከየመጠኑ የሚገባውን ያህል ቀላቀለ፤ ዱቄቱንም አልረሳም። አማትን ከአፈሯ ነቅሎ ሸክላው መሐል አቁሞ በሦስት ንብርብር ሞላና እያንዳንዱን ንብርብር በዘነዘና ሃያ አምስት ሃያ አምስት ጊዜ መታው፤ በላቦራቶሪው ደንብ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እየቆጠረ። የመስኮቱ መስታወት አብሮት ቆጠረ። ሲያበቃ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና ቢያልፍባት ጎማው ይጎዳ እንደሆን እንጂ እሷ አትነቃነቅም። ውሃ ጠብ አደረገባት፤ ውሃው ላይ ላዩን ተኛ፣ አንዲት ጠብታ አልሰረገችም። ጋሽ ወንፊት በደስታ እጁን አፋተገ። በሱ ሙያ ውሃ አላስገባ ያለ ነገር ያሸልማል።

በዘጠነኛው ቀን ግንዷ ጠቆረ፤ ቅጠሏ ተጨማደደ። የዚያኑ ዕለት ባለቤቱ ደወለች።

«እናቴስ?»

«እሷማ... ቀጥ ብላ ነው የቆመችው።» ይህ ቅንጣት ውሸት የለበትም፤ መውደቅ ብትፈልግ እንኳ አትችልም ነበር።

«ድምፅህ ምን ሆነ?»

«ጉንፋን ነው፣ ጉንፋን።»

ስልኩን ዘግቶ ሸክላውን ታቀፈ። ሰባት ቦታ እያረፈ፣ ላቡ ጫማው ውስጥ እየገባ ችግኝ ሻጯ ዘንድ አደረሰው። ሴትየዋ ድብልቁን በጣቷ ልትጭረው ሞከረች፤ ጥፍሯ ተሰበረ። በመኮትኮቻ ብትመታው እንደ ደወል ጮኸ።

«ጋሼ፣ ይሄ ተክል ነው ወይስ የድልድይ ምሰሶ?» ብላ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ጋሽ ወንፊት አልሳቀም። «የባለቤቴ እናት ናት» አለ።

ሳቁ በአፏ ላይ ቀረ። ያለቻትን አንዲት ወንበር ስባ አስቀመጠችውና ታሪኩን አንድ በአንድ አስለፈለፈችው። ሲጨርስ አንድ የቡቃያ ሳጥን አምጥታ ጭኑ ላይ አደረገችለት።

«ይህን ይዩ። የቲማቲም ዘር ነው፤ ላዩን በደቃቅ ጠጠር ሸፍኜዋለሁ። አንገቱ ደረቅ እንዲሆን ነው። እርጥብ አፈር አንገቱን ካቀፈው ማታ ቆሞ ያዩት ቡቃያ ጠዋት ተኝቶ ይጠብቅዎታል። ሥር ደግሞ ውሃ ብቻ አይደለም የሚጠጣው፣ አየርም ይጠጣል። እኔ ልነግርዎት የነበረው፣ ጠጠሩ አንድ መጠን ይሁን፣ ዱቄቱ ይታጠብ፣ ላላ ብሎ ይፍሰስ ነው። እርስዎ የደፈኑት ቀዳዳ እኮ እስትንፋሷ የሚመጣበት ነው።»

ጋሽ ወንፊት የሳጥኑን ጠጠር በጣቱ ገለጥ አደረገ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ቀዳዳ ስደፍን ኖርኩ» አለ።

«ለመኪና ልክ ነዎት ጋሼ። መኪና ሥር የለውም።»

በመሮና በመዶሻ ፈልፍለው አወጧት። ሥሩ ከሰል ሆኗል። ሴትየዋ ግንዱን እየቆረጠች ወደ ላይ ብትወጣም ጤነኛ ቦታ አጣች። ከአናቷ ላይ ብቻ ጠንከር ያሉ አሥራ አንድ ቅጠሎች ተገኙ።

«እናትየው አልተረፈችም» አለች ቀስ ብላ። «ግን ቅጠሉ ራሱ ሥር ያወጣል፤ ዕድል ካለው። የተቆረጠበት ይድረቅ፣ ከዚያ ጠጠሩ ላይ ያጋድሟቸው እንጂ አይቅበሯቸው። ሥር እስኪያዩ ውሃ የለም። ደግሞ ጋሼ፣ በእናትዎ፣ አይጠቅጥቁ።»

የዚያን ዕለት ጋሽ ወንፊት የገዛ ሙያውን እንደ ካልሲ ገለበጠው። ከላይኛው ወንፊት አልፎ ከታችኛው ላይ የቀረውን፣ ምስር የሚያህለውን ጠጠር ብቻ ያዘ። ሌላውን፣ ያን ሁሉ ያማረ ድብልቅ፣ እያዘነ ደፋው። የያዘውን በሳፋ ዘጠኝ ጊዜ አጠበ፤ የመጨረሻው ውሃ ለእንግዳ የሚቀርብ ነበር። ትንሽ አፈር ቀላቅሎ ዝርግ ሣህን ላይ ከእፍኙ አፈሰሰ። አንዴ ብቻ ቀኝ እጁ ቸብ ሊያደርገው ሲሄድ በግራው ያዘው።

ቅጠሎቹን አጋድሞ ጠበቀ። ያ ሰው ለአንድ አገር ሕዝብ የሚበቃ መንገድ ሠርቷል፤ ምንም አለመሥራትን የሚያህል ከባድ ሥራ ግን ገጥሞት አያውቅም። ብርጭቆ ሲያነሳ እንዳይፈተን ካፌ እየሄደ በእጆቹ ላይ ይቀመጣል። ሦስት ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ። አራቱ ደረቁ። በአምስተኛው ሳምንት ከቀሩት ላይ እንደ ክር የቀጠነ ሮዝ ሥር ወጥቶ በጠጠሮቹ መሐል፣ በባዶው ቦታ፣ ቁልቁል መንገድ ሲፈልግ በማጉያ መነጽር አየ። መነጽሩ ደመነበት፤ ቢወለውለውም አልጠራም። የደመነው መነጽሩ አልነበረም።

ባለቤቱ ስትመጣ ሦስት ንግግር አዘጋጅቶ ነበር። በሩን ሲከፍት የወጣው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው።

«ገደልኳት።»

ባለቤቱ ወደ መስኮቱ አየች። ሻንጣዋ ከእጇ አልወረደም። እሱ ሁሉንም ዘረገፈ፤ በቀን ሁለት ብርጭቆውን፣ ጉንፋኑን፣ ዘነዘናውን። ሃያ አምስቱ ምት ላይ ሲደርስ ከንፈሯ ጥግ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ወዲያው መለሰችው። ሣህኑን በሁለት እጁ አምጥቶ ፊቷ ያዘ። እያንዳንዳቸው የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህሉ አራት ትንንሽ አበባ መሰል ተክሎች።

«እነዚህ ከሷ ናቸው?»

«ከራሷ ቅጠል። አሥራ አንድ ነበሩ፣ ሰባቱ አልሆነላቸውም።»

ሻንጣውን አስቀመጠችና ሳትደበቅ አለቀሰች። እሱ ሣህኑን እንደያዘ ቆመ፤ ማስቀመጥም መያዝም ወንጀል መሰለው። በመጨረሻ ዓይኗን ጠረገች።

«አንዲት አማት መያዝ ያቃተህ ሰውዬ፣ አራት ይዘህ ትጠብቀኝ?»

ይቅር ያለችው ግን ያን ቀን አይደለም። ሁለት ቀን ሙሉ የምታወራው ከአራቱ ጋር ብቻ ነበር፤ «ምሳ ቀርቧል በሉት» ትላቸዋለች፣ እሱም ሰምቶ ይመጣል። በሦስተኛው ቀን ባዶ የእንቁላል መያዣና የሰላጣ ዘር የተጠቀለለባት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ከዚያ ካጠብከው ጠጠር አምጣ» አለች፤ ቀጥታ ለሱ። «ዘሩ ላይ በስሱ ታፈስልኛለህ።»

ጋሽ ወንፊት ብድግ አለ። «ውፍረቱ ስንት ሚሊ ሜትር ይሁን?»

«አንተ ሰውዬ!»

«መጣሁ፣ መጣሁ» አለ፤ ሳፋውን ፍለጋ እየሮጠ።