ግጥም ሰጪው ወደ ሳን ሆዜ

ቅዳሜ ንጋት፣ ኦክላንድ፣ 1986 እ.ኤ.አ.

ጭጋጉ ከወደቡ ክሬኖች ላይ ገና አልተነሣም። መኪናዬን ሳሞቅ ጎረቤቴ ግራዝማች ወልዴ ሙሉ ልብስ ከነክራባቱ ለብሰው ብቅ አሉ። በንጉሡ ዘመን ባላባትና የፓርላማ አባል ነበሩ፤ እዚህ ፓርኪንግ ይጠብቃሉ። እኔ ሳን ሆዜ የምሄደው ኮሌጅ ውስጥ ስለ ዌልስ ባላባቶች ንግግር ላደርግ ነው። እሳቸው ግን «ራይድ ስጠኝ፣ የማያት ሰው አለች» ብቻ አሉኝ።

ረፋድ፣ ፍሪሞንት

መንገዱ መጋዘንና የጭነት መኪና ብቻ ነው። ዶናት ልንበላ ቆምን። ንግግሬን ተለማመድኩባቸው፤ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የዌልስ ባላባት በገና ደርዳሪ ቤቱ ያኖር ነበር፤ ያበላዋል፣ ያለብሰዋል፤ ምርጫ ሲመጣ ደግሞ ተቀናቃኙን ያሰድብበታል።

«ነገር ሲበላሽስ ደርዳሪው ምን ሆነ?» አሉ።

«ባላባቶቹ ስለ ራሳቸው እንጂ ስለ እሱ ብዙም አልጻፉም።»

«እኛም አንጽፍም» አሉና ዶናቱን አስቀመጡት። ከዚያ የልባቸውን ዘረገፉት። በምርጫ ሰሞን፣ ድግስ ላይ፣ አዝማሪያቸውን ካሳን «ተቀበል!» ብለው ይህን ሰጡት፦

ገዢ መጣ ብለው እልል አስባሉን፣
ፍርድ ሲሸጥ እንጂ ሲገዛ መች አየን!

አዝማሪ የተሰጠውን ተቀብሎ ማዜም ወጉ ነው። አገረ ገዢው ሰምቶ «ማን ነው የገጠመው?» ሲል ግራዝማች የፓርላማ ወንበራቸው እንዳያመልጣቸው «የአዝማሪ አፍ መቼ ያርፋል» ብለው አለፉት። ካሳ ታሰረ፤ እዚያው እስር ቤት ሞተ። ሳን ሆዜ ያለችው ሴት ልጁ ናት፤ ይቅርታ ሊጠይቋት ነው ጉዞው። ጥያቸው ልሄድ ምንም አልቀረኝ።

ቀትር፣ ሳን ሆዜ

ወይዘሮ ጥሩነሽ ከሆስፒታል ሥራዋ ገብታ ዩኒፎርሟን እንኳ አልቀየረችም። በሩን ከፍታ አየቻቸው፤ ወዲያው አወቀቻቸው። ግራዝማች ጎንበስ አሉ።

«ግጥሙ የኔ ነበር፣ ልጄ። ይቅርታዬን ተቀበይኝ።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። «ተቀበይኝ» የሚለውን ቃል ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ተቀበል ሲሉት አባቴ ተቀበለ» አለች። «እኔ አዝማሪዎ አይደለሁም።»

በሩን በቀስታ ዘጋችው።

ማታ፣ ኦክላንድ

ንግግሬን ትቼ መለስኳቸው። አሳዘኑኝም፣ አስጠሉኝም።