ለአንዲት የተላከ ቀኖና

የደብሩን ቴሌግራም የተረከብኩት አንድ አርብ፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው። አስተዳዳሪው ቢሮ አስጠሩኝና «ቄስ መንግሥቱ፣ ከዛሬ ጀምሮ ይህን ነገር እርስዎ ይያዙልን» አሉኝ። ዕውቀቴን አይተው መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። ለካ ከካህናቱ መካከል ካሜራ ያለው ስልክ የያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

በመጀመሪያው የቀጥታ ስርጭት ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስለ ትሕትና አስተማርኩ። ስጨርስ አንዱ ምእመን «ቃለ ሕይወት ያሰማልን አባቴ፤ ግን ያየነው ጢምዎን ብቻ ነው» ብሎ ጻፈ። ከፊቴ ይልቅ ጢሜ ይሻላል ብዬ ተጽናናሁ።

ጊዜው በሲኤምሲ ፎቅ እንደ እንጉዳይ የሚፈላበት ነበር። ብዙዎቹ የንስሐ ልጆቼ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ወደ ለሚ ኩራ ዳርቻ ተበተኑ። ቤታቸው ሄጄ ጠበል ልረጭ ስል ብሎክ ስፈልግ እውላለሁ። ስለዚህ ሁሉንም አንድ ግሩፕ ውስጥ ሰበሰብኳቸው፤ ባልና ሚስት፣ አማትና ምራት ሳይቀሩ።

አንዲት ልጄ፣ ስሟንም ብሎኳንም አልናገርም፣ በአማቷ ላይ ስላደረገችው ነገር ንስሐ ልትገባ ፈለገች። የታክሲው ሰልፍ ሰልችቶኝ «በድምፅ ላኪልኝ» ያልኳት እኔ ነኝ። ሰማሁና ቀኖናዋን መለስኩ፦ «ልጄ፣ ሰባት ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጹሚ። በየቀኑ አርባ አንድ ስገጂ። አማትሽ ጉልበት ላይ ወድቀሽ ይቅርታ ጠይቂ።»

ወዲያው «አሜን አባቴ» የሚል መጣ። ሌላ አሜን ተከተለ። በአራተኛው አሜን ላይ ነቃሁ፤ ለካ ለግሩፑ ልኬዋለሁ! ላጠፋው ስነካካ ጭራሽ «ፒን» የሚሉትን ተጭኜ ከግሩፑ አናት ላይ ለጠፍኩት።

አማቷም እዚያው ናቸው። አምናኝ የነገረችኝን በገዛ አፌ አውጥቼ ትዳሯን አፈረስኩ ብዬ ላብ አጠመቀኝ።

ስልኬ ጮኸ። እማማ ዘነቡ ናቸው፤ እሳቸውም የንስሐ ልጄ ናቸው።

«አባቴ፣ እንዴት አወቁብኝ?»

«ምኑን?»

«አማቴን ማስቀየሜን ነዋ! ግን እኮ ከሞቱ ቆዩ፤ መቃብራቸው ጋ ልሂድ?»

ለካ ምራት የሆነች ሁሉ «ይቺ ለእኔ ናት» ብላለች። ሳምንቱን ሙሉ በየብሎኩ የአማት ጉልበት ሲሳም ሰነበተ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባለ ጉዳይዋ መጣች። አፏን ሳትከፍት «ይቅር በይኝ ልጄ። ስሕተት ነበር ብዬ ለሁሉም ልናገር?» አልኳት።

«ኧረ በእመቤቴ ዝም ይበሉ! ጉልበታቸው ላይ ስወድቅ አማቴ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ተነሺ፣ የጎረቤታችንም ምራት ጠዋት ወድቃለች› ብለው ሳሙኝ።»

እንዳለችኝ ለማንም አልተናገርኩም። ለራሴ ንስሐ አባት ግን ተናዘዝኩ፤ ስቀው ስቀው ሲያበቁ የእሷን ቀኖና በእጥፍ ሰጡኝ።

ከዚያ ወዲህ በስልክ የምልከው የጾም መግቢያና የቅዳሴ ሰዓት ነው። ንስሐ የምሰማው ፊት ለፊት ተቀምጬ ነው፤ ብሎኩ ቢርቅም እሄዳለሁ።