እናት ከሩቅ የምታውቀው ሄልሜት

ከአየር ጤና እስከ ቤቴል ባሉት ጋራዦች ገብታችሁ ቀለም የሚያውቅ ሰው ማን ነው ብትሉ እኔን ይነግሯችኋል። እውነት ስለሆነ እንጂ ለመመጻደቅ ብዬ አይደለም። ማንም አላስተማረኝም። ቀለም ማደባለቅን የተማርኩት የሌሎችን ጣሳ እያጠብኩ ነው። እንግሊዝኛንም እዚያው ጣሳ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ፊደል በፊደል ለቀምኩት። ፀሐይ ያደበዘዘውን የአሮጌ መኪና ቀለም በዓይኔ ብቻ መዝኜ አዲሱን በር ከአሮጌው በር ጋር አንድ አድርጌ አወጣለሁ። ዛሬ በኮምፒውተር የሚደባልቁት ልጆች ሲያቅታቸው ናሙናውን ይዘው የሚመጡት ወደ እኔ ነው።

አሁን ጋራዥ አልውልም። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የምሠራው ጓሮዬ ውስጥ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። ልጆቼ የከተማው ሌላ ጫፍ ይኖራሉ፤ በዓል ሲሆን ይደውላሉ። ከአጥሩ ማዶ የፕሮቴስታንቶች ጸሎት ቤት አለ። ከሰዓት በኋላ መዘምራኑ ሲለማመዱ እሰማለሁ። መዝሙሮቻቸውን በቃሌ ይዣቸዋለሁ፣ የት ቦታ ላይ እንደሚሳሳቱም አውቃለሁ፤ ከዘማሪዎቹ ግን አንዱን እንኳ በመልክ አላውቅም። አንዳንዴ ሲሳሳቱ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ጮክ ብዬ አርማቸዋለሁ። የመለሰልኝ የለም።

ሞተረኛዋ የመጣችው እንዲህ ባለ ከሰዓት ነው። በሥራ ቀን በሞተር ዕቃ ታደርሳለች፤ እሑድ ሲመቻት ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ ኮረኮንች ሜዳ ላይ ትወዳደራለች። ነጭ ሄልሜት በብብቷ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«አባባ፣ ሄልሜት ይቀባሉ ተብዬ ነው።»

«ማን ነገረሽ?»

«ጋራዥ ውስጥ። ‹ሽማግሌው ጎበዝ ናቸው፣ ወሬያቸው ግን አያልቅም› አሉኝ።»

«ወሬው ምርቃት ነው። ግቢ።»

ገባችና ነገሩን አስረዳችኝ። እናቷ ሞተር አይወዱም። ሴት ልጅ አቧራ ውስጥ ስትንከባለል ማየት አልፈልግም ብለው አንድም ቀን ውድድሯን አይተው አያውቁም። ዘንድሮ ግን በስንት ልመና እሺ ብለዋል።

«ሁላችንም አቧራ ለብሰን ስናልፍ አንድ ዓይነት ነን» አለችኝ። «እናቴ ደግሞ ሰው ፊት መነጽር አታደርግም። ቢጫ ይሁንልኝ፣ እንደ አደይ አበባ። ከሩቅ አይታኝ ‹ያቻት ልጄ› እንድትል ነው የምፈልገው።»

ሄልሜቱን ተቀብዬ ከመስታወቱ በፊት ውስጡን አየሁ። ሌላ ቀቢ ይህን አያደርግም። ሄልሜትን እንደ መኪና ፓራፋንጎ ያየውና በቲነር የራሰ ጨርቅ ይዞ ይወለውለዋል፣ የሰፈራችን ቀቢ እጁ የለመደው እሱን ነውና። ለብረት ልክ ነው። ለፕላስቲክ ቅርፊት ግን ቲነር መርዝ ነው። ይህን ከማንም አልሰማሁም፣ ራሴ ፈትኜ ነው ያወቅሁት። አንድ ጊዜ አሮጌ ሄልሜት ገዛሁና ግማሹን በቲነር ወልውዬ ግማሹን ተውኩት፤ አሳድሬም ሁለቱንም ጎን በመዶሻ መታሁ። ያልነካሁት ጎን መዶሻዬን መለሰው። የወለወልኩት ጎን እንደ ገል ተፈረካከሰ።

ሁሉንም ነገርኳት። ውስጡ የተለጠፈውን የፋብሪካውን ጽሑፍ በማጉያ መነጽር አነበብኩላት፤ በሳሙና ውሃ ብቻ ይታጠብ፣ ቤንዚንና ቲነር አይንካው፣ ከተቀባም ውሃ በሚያቀጥነው ቀለም ይሁን ይላል። መስታወቱን እፈታለሁ፣ ስፖንጁንና ማሰሪያውን በወረቀት ፕላስተር እሸፍናለሁ፣ በጣም ደቃቅ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት የላይኛውን አንጸባራቂ ብቻ አደክማለሁ፣ ከዚያ ቀለሙን ስስ በስስ እየደራረብኩ ጥላ ውስጥ አደርቀዋለሁ አልኳት። ፀሐይ ላይ አላሰጣም፣ እሳት አጠገብም አላስጠጋም።

«እኔ እኮ ቀለም ብቻ መስሎኝ ነበር» አለች።

«ቀለም ብቻ የሚባል ነገር የለም፣ ልጄ።»

ከዚያ በኋላ ሥራ ስትጨርስ ብቅ ማለት ጀመረች። ሞተሯን በሩ ላይ አቁማ ቆሎዋን ይዛ ትገባለች፤ ዱካ ላይ ተቀምጣ የምሠራውን ታያለች። ስለ ጭቃ፣ ስለ ኩርባ፣ ስለ ደንበኞቿ ታወራለች። እኔም ስለ ቀለም አወራለሁ። ቢጫው መደቡ ነጭ ካልሆነ ቶሎ እንደሚቆሽሽ፣ ትንሽ ቀይ ጠብ ካላደረጉበት በአቧራ ውስጥ እንደሚጠፋ፣ ሰው ቀለም ያየ ሲመስለው ብዙውን ጊዜ የሚያየው ብርሃኑን እንደሆነ ነገርኳት። ትሰማኛለች። ቢጫውን ደባልቄ፣ ክዳኑን ከፍቼ አሳየኋት።

«እናቴ ይህን ካላየች ዓይኗ ሳይሆን ልቧ ነው የታመመው» ብላ ሳቀች።

ሥራው ላይ አልቸኮልኩም። ጥሩ ሥራ አይቸኮልም፤ ማታ ማታ የሞተር ድምፅ በሬ ላይ ሲቆም መስማትም ለምጄ ነበር።

ሄልሜቱ ከኋላው አንድ ትልቅ የእሳት ስዕል ተለጥፎበታል። ለብ ባለ የሳሙና ውሃ እያራስኩ ቀስ ብዬ ላጥኩት። ሥሩን በብርጭቆ ወረቀት ሳለሰልሰው ጣቴ ቆመ። ዓይኔ ከማየቱ በፊት ጣቴ አወቀው። ሄልሜቱን ወደ ብርሃኑ አዞርኩት። ዝናብ ካቆመ በኋላ ጭቃ ሲደርቅ እንደሚሰነጣጠቀው፣ ከፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ከኋላ ተነሥተው ወደ አናቱ ወጥተዋል።

«ከእኔ በፊት ይህን ማን ነክቶታል?» አልኳት ማታ ስትመጣ።

«የድሮው ባለቤት ጥቁር አስቀብቶት ነበር። ስገዛው ነጭ ይሁንልኝ አልኩ። ቀቢው ጥቁሩን አነሣልኝ።»

«በምን?»

ገብቷታል።

«እያየሁት ነው በቲነር የወለወለው» አለች። «ሲያበራ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ሁለቱን ጎኖች በመዳፎቼ ይዤ ጫን አልኩ። ውስጡ ቀጭ አለ። ለስላሳ ድምፅ ነው፤ ሁለታችንም ግን ሰማነው።

«ቢጫው አይሸፍነውም?»

«ይሸፍነዋል። እኔ ከሸፈንኩት አንቺ ራስሽ ፈልገሽ አታገኚውም። የምፈራውም ይህንኑ ነው። ስትወድቂ ሄልሜቱ ይፈርሳል፣ ከዚያ የሚቀረው ጭንቅላትሽ ነው።»

«ውድድሩ እኮ እሑድ ነው።»

«ሌላ ተዋሺ።»

«የሰው ሄልሜት ደግሞ አይቀባም።»

«አይቀባም።»

«እናቴስ?»

የቢጫውን ጣሳ ክዳን መልሼ ገጠምኩ። እዚያው ሳለሁ አንድ ነገር ገባኝ፤ ሥራው ካበቃ የምትመጣበት ምክንያት የለም። አፌን ይዤ ቀለሙን ብቀባው ኖሮ ሌላ ሳምንት ትመጣ ነበር። ሐሳቡ መጥቶ ሄደ፤ ወንበር አልሰጠሁትም።

መቀስ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «ማሰሪያውን ቁረጪው።»

«ለምን? ከእንግዲህ አላደርገውም እኮ፣ አባባ።»

«አንቺ አታደርጊውም። ዛሬ ብትጥይው ግን ነገ ቆሼ ይደርሳል፣ ከነገ ወዲያ ታጥቦ አስፋልት ዳር ይሰጣል። እዚህ ሰፈር ተጥሎ የሚቀር ዕቃ የለም። የሆነ ልጅ አናት ላይ ይወጣል።»

ራሷ ቆረጠችው። ማሰሪያው ጠንካራ ስለሆነ መቀሱ አልቆርጥ ሲላት እንደ መጋዝ እየጎተተች ቆረጠችው። አንድ ጊዜ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች፤ እኔም ጣሳ የማስተካክል መሰልኩ። ቅርፊቱን እዚያው ተወችው። ሞተሯን አስነሥታ ወደ አየር ጤና ስትወርድ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

እሑድ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ አጠገቤ አስቀምጬ ዋልኩ። አመሻሽ ላይ ደወለች።

«በሰላም ገባሁ፣ አባባ።»

«ስንተኛ ወጣሽ?»

«እሱን ይተዉት።»

«እናትሽስ?»

ሳቋ መጣ። «እስከ መጨረሻው ለሌላ ሰው ስታጨበጭብ ዋለች። ያውም ለወንድ። ቢጫ ካኒቴራ ለብሶ ነበር። ሄልሜቴን አውልቄ አጠገቧ ስቆም ‹አንቺ ደግሞ የቷ ነበርሽ?› አለችኝ።»

«ተቀየመች?»

«አይ፣ ልጁን አመስግኚልኝ ነው ያለችው።»

ሁለታችንም ሳቅን። ቤቴል በኩል ዕቃ ከደረሰኝ ብቅ እላለሁ አለችኝ። ዋሽታለች አልልም። ቤቴል በኩል ዕቃ አልደረሳት ይሆናል። በሬ ላይ ሞተር በቆመ ቁጥር ብድግ ማለቴን የተውኩት ክረምቱ ሲገባ ነው።

ቢጫው ተደባልቆ ተቀምጧል። ውሃ የሚያቀጥነው ቀለም ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ሄልሜቱን ቀባሁት። ስፖንጁን አወጣሁ፣ ጠርዙን ሸፈንኩ፣ ለሕያው ሄልሜት የማደርገውን ጥንቃቄ አንድም ሳላጎድል አደረግሁለት። ስስ በስስ፣ በጥላ ውስጥ። አናቱ ላይ አንድ ነጭ መስመር ብቻ አሳለፍኩ። በሕይወቴ ብዙ ቀብቻለሁ፣ እንደዚያ ያለ ግን አልቀባሁም፤ በዚህ ከተማም የሚቀባ ያለ አይመስለኝም። ጥላው ሥር ሰቅዬው ጠዋት ጠዋት እያየሁት እቀመጥ ነበር።

አንድ ቀን ቀለም ላስማማለት የመጣ የጋራዥ ሰው አየው።

«ጋሼ፣ ይሄ የማን ነው?»

«የማንም።»

«እንግዲያው ለእኔ ይስጡኝ። ወንድሜ ሞተር ገዝቷል።»

«ማሰሪያ የለውም።»

«ማሰሪያ ምን አላት? ጫማ ሰፊ ይሰፋታል።»

«የተሰነጠቀ ነው፣ አንተ። ቲነር በልቶታል።»

አውርዶ ወደ ብርሃኑ አዞረው። ጥፍሩን እየጎተተ ዳበሰው፣ በጣቱም ቆረቆረው። «የታለ ስንጥቁ?»

ተቀብዬው እኔም ፈለግሁ። በዓይኔ ፈለግሁ፣ በጣቴ ፈለግሁ። አጣሁት።

«ካልፈለጉ አልፈልግም ይበሉኝ እንጂ» አለ እየሳቀ፣ ቀለሙን ይዞ ወጣ። ነገ ከነገ ወዲያ ወንድሙን ይዞት እንደሚመጣ አወቅሁ። እሱ ባይመጣ ሌላ ይመጣል፤ እኔም ሁልጊዜ እዚህ አልኖርም፣ የሞተ ሰው ዕቃ ደግሞ በጅምላ ነው የሚወጣው።

የብረት መጋዜን አመጣሁ። ሄልሜቱን በጉልበቶቼ መካከል ይዤ ከግንባሩ ጀመርኩ። በፊት በኩል ታገለኝ፣ ቢጫ ዱቄት ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። አናቱን አልፌ ወደ ኋላ ስደርስ ግን መጋዙን መግፋት አላስፈለገኝም፤ በራሱ ወረደ። ሁለቱን ግማሾች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ ጠርዛቸውን በጣቴ ዳሰስኩ። ቀለሙ አንድም ቦታ አልተላጠም።