ሰፈር የሚቀይር ሕመም

ልጅ ሳለሁ፣ ከአንኮበር ወረድ ብላ በምትገኘው መንደራችን፣ በዐቢይ ጾም ማታ ማታ አያቴን ከብበን ተረት እንሰማ ነበር። አባባ የምንላቸው አያቴ የደብሩ መሪጌታ ነበሩ፤ ቀን ለተማሪዎቻቸው ዜማ ያስተምራሉ፣ ማታ እግራቸውን ወደ ፍሕሙ ዘርግተው የእንስሳት ተረት ያወሩልናል። ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ደጃፋችን ድረስ ስለሚመጣ በሩ ቶሎ ይዘጋል፤ የኩበቱ ጭስ መውጫ አጥቶ ዓይናችንን ያቃጥለናል፤ ኩራዟም ከጣራው በታች ያለውን ሁሉ ታጠቁራለች። ያኔ ከአባባ ድምፅ የሚበልጥብኝ ነገር አልነበረም።

የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ጾሙ እንደገባ ጉሮሮዬ ቆስሎ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። ዳማከሴ ተጨምቆልኝ ጠጣሁና ተሻለኝ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ግን ጉልበቴ ያብጥና ይግል ጀመር። አክስቴ «ብርድ ነው» አለች፤ ወጌሻው በቅቤ አሽቶ «ወለምታ ነው» አለ፤ ጎረቤታችን ደግሞ «ልጅቷ እያደገች ነው፣ አጥንቷ ሲሳብ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። ሁሉንም ያሰለቻቸው ሕመሙ አንድ ቦታ አለመርጋቱ ነበር። ጉልበቴን ሲለቀኝ ቁርጭምጭሚቴን፣ እሱን ሲተው ክርኔን ይይዘኛል። ያውም ብዙ ጊዜ ውኃ የመቅዳት ተራዬ ሲደርስ ነውና ማን ይመነኝ?

አንድ ማታ አባባ ስለ አንዲት በቅሎ ተረቱልን። በቅሎዋ ጭነት ባየች ቁጥር ታነክሳለች፤ ጌታዋም እያዘነላት ይተዋታል። ኋላ ግን ልብ ሲል፣ ትናንት ያነከሰችው በቀኝ እግሯ ነበር፣ ዛሬ በግራዋ ነው። «አይ የኔ እመቤት፣ እውነተኛ ሕመም ሰፈር አይቀይርም!» ብሎ እጥፍ ጫነባት። የአክስቴ ልጆች በሳቅ ፍርስ አሉ፤ ሁሉም ዞረው እኔን አዩ። አባባ ስሜን አልጠሩም፣ መጥራትም አላስፈለጋቸውም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ወዲያ አመመኝ ማለት ተውኩ። በስቅለት ዕለት ሕመምተኛ ቢቀመጥ ማንም አይከፋውም፤ እኔ ግን ሰነፍም ውሸታምም አለመሆኔን ላሳይ ብዬ ከትልልቆቹ ሴቶች መሐል ገብቼ እሰግድ ጀመር። ጉልበቴ መሬት በነካ ቁጥር ዓይኔ ጭልም ይልብኛል። ቀትር ላይ ተደፍቼ መነሣት አቃተኝ፣ ትንፋሼም አጠረኝ። አክስቴ ቀሚሴን ከጉልበቴ ገለጥ ስታደርግ አባባ ደርሰው እብጠቱን አዩና ጋቢያቸውን አለበሱኝ።

በማግስቱ ደብረ ብርሃን ወሰዱኝ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ ጉልበቴን ዳሰስ አድርጋ «እዚህ ብቻ ነው የሚያምሽ፣ ወይስ ቦታ ይቀያይራል?» አለችኝ። አባባን አየት አድርጌ አንገቴን ደፋሁ።

«እዚህ ብቻ ነው።»

«ወድቀሽ ነበር እንዴ?» ብላ ወደ ሌላ ጥያቄ ስታልፍ፣ አባባ ከወንበራቸው ተነሡ።

«የለም ልጄ፣ ይዞራል። ዛሬ ጉልበቷን፣ ነገ ክርኗን። እሷስ ነግራን ነበር። ያላመንናት እኛ ነን…» ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ ነኝ።»

በሞላ ቤተ ክርስቲያን ፊት ዜማ የሚመሩ ሰው፣ ያቺን ሁለት ቃል ለማውጣት ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። እኔም ስለ ራሴ ማፈሬ ሳያንስ ስለ እሳቸው አፈርኩ።

ሐኪሟ ማዳመጫዋን ደረቴ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች፤ ጉሮሮዬን ታምሜ እንደነበርም ጠየቀች። «እንኳን ነገሩኝ፣ አባቴ። የሚያስፈራን እንዲህ የሚዞረው ነው» አለች። በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያን አሳብጦ ልብን ሊጎዳ እንደሚችል ነገረችን። ልቤም ተነክቶ ነበር። ለዓመታት በየወሩ መርፌ ተወጋሁ፤ አባባ ጉልበት እስኪከዳቸው ድረስ ራሳቸው ያመላልሱኝ ነበር። መንገዱን ሙሉ እጄን ይዘው ይሄዳሉ፤ እኔም ተረት ንገሩኝ ለማለት አልደፍርም ነበር።

በአባባ አልተቀየምኩም። የሚያውቁትን ነው የተረቱት፤ ያላወቁትን ደግሞ በሰው ፊት አመኑ፣ ይህን ስንት ሽማግሌ ያደርገዋል? ዛሬ የልጆች እናት ነኝ፣ ልቤም በክትትል ደኅና ነው። ሐፍረቱ ግን እንደ መርፌው አላበቃልኝም። አሁንም ሐኪም «የት ላይ ነው የሚያምሽ?» ሲለኝ፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት አብሮኝ የገባውን ሰው ፊት አያለሁ።