ደሞዝ ከኮርቻው የተነሣ ቀን

ሰቆጣ ውስጥ ደሞዝን የማያውቅ ቢኖር ስልኩ ተበላሽቶበት የማያውቅ ሰው ነው። ስልክ ጠጋኝ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ኩሩ። ኩራቱን እኔ ጎረቤቱ ጠንቅቄ አውቀዋለሁ፤ ሚስቱን የትናየትን ሦስት ዓመት ያስለቀሳት እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትናየት የመሪጌታ ወልደ ጻድቅ ልጅ ናት። እሳቸውን ሁላችንም የኔታ ነው የምንላቸው። አንድ ቀን የኔታ ልቅሶ ቤት ሲገቡ ሰው ሁሉ «ኖር» ብሎ ብድግ አለ፤ አማቻቸው ደሞዝ ግን ቁጭ እንዳለ ቀረ። እግሩ ደንዝዞ ነበር። የኔታ ከዚያ ወዲህ የደሞዝን ቤት አልረገጡም። ደሞዝን ሽማግሌ ላክ ስንለው «እግሬ ደንዝዞ ነው ብዬ ሽማግሌ ልላክ? መሳቂያ ልሁን?» ይለናል። የኔታ ደብር ባለበት ዳገት ማለፉንም ተወ።

ዘንድሮ ሴት ልጅ ወለዱ። ለክርስትናዋ አራት ቀን ሲቀር የትናየት «አባቴ ካልመጣ እኔም ከቤት አልወጣም» አለች።

ያን ሰሞን ከባለሱቁ ከሐይደር አንዲት ተጣጣፊ ብስክሌት ገዝቷል። ጎማዋ ከሰፌድ አይበልጥም፤ ሲቀመጥባት ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አይቀረው። ዳገት ላይ እኔ በእግሬ እቀድመዋለሁ። ሐይደር «ብድግ ብለህ ካልረገጥካት አትወጣም» ቢለው፣ መታጠፊያዋ ይከዳኛል ብሎ ፈራ።

በዚያው ዕለት፣ አርብ ጠዋት፣ ዳገቱ ላይ የሚኖር ደንበኛ ስልኬን አድርስልኝ ብሎ አስቸግሮት በዚያው በሸሸው ዳገት አብረን ወጣን። አጋማሹ ላይ ብስክሌቷ እምቢ ስትለው ጨክኖ ተነሣ። ፔዳሉ ላይ ቆሞ፣ መሪው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ግራ ቀኝ እየተወዛወዘ ሲረግጣት ታዘዘችለት። ደስ ብሎት ቀና ሲል የኔታ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

አዩት። ከመቀመጫው ተነሥቶ ጎንበስ ብሏል።

«በእግዚአብሔር፤ ተቀመጥ ልጄ» አሉት።

ተቀመጥ ተብሎ ቆሞ መቅረት ሌላ ሦስት ዓመት ሊያመጣ ነው። ደሞዝ ተቀመጠ። ብስክሌቷም ቀጥ አለች፤ አንዴ ተንገዳገደችና ከነባለቤቷ የኔታ እግር ሥር ተዘረረች።

ሳቄን አፍኜ ሳልጨርስ የኔታ ከድንጋዩ ተነሥተው እጁን ያዙት። ደሞዝ አቧራውን ሳያራግፍ ጉልበታቸውን ሳመ። እዚያ ላይ ዝም ቢል ነገሩ አልቆ ነበር። እሱ ግን መዋሸት አይችልበትም።

«የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ። አሁን ያስነሣኝ ዳገቱ ነው። ያን ጊዜም ያስቀረኝ እግሬ ደንዝዞ ነው እንጂ ንቄዎት አይደለም።»

ምን አስቀባጠረህ ልለው ምንም አልቀረኝም። የኔታ ግን እጁን አልለቀቁም።

«እኔስ» አሉ፣ «በየጠዋቱ እዚህ የምቀመጠው ለምን ይመስልሃል? በዚህ ታልፋለህ ብዬ ነበር። አላልፍ አልክ።»

ደሞዝ አለቀሰ። እኔም ብስክሌቷን አንሥቼ ወደ ቤት ቁልቁል መግፋት ጀመርኩ። ከኋላዬ ደሞዝ ለአማቱ ስለ ክርስትናው ሊነግራቸው ሲጀምር ሰማሁት።

«የኔታ፣ የልጅቱ ሰማንያ ቀን...»

«ማክሰኞ ነው» አሉት። «ከተወለደች ጀምሮ እየቆጠርኩ ነው።»